ሲነግሩት የሚሠራ፣ ካልነገሩት የማይነሣ፦ የአንድ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

የአንጎል ጉዳት ተሃድሶ ላይ ለምንሠራ ሰዎች በብዛት የሚመጣው መራመድ፣ መናገር ወይም ማስታወስ ያቃተው ሰው ነው። ይህ ታካሚ ሦስቱንም ይችል ነበር። ካልተነገረው በቀር ግን ምንም ነገር አይጀምርም። ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቤተሰቡ ነገሩን አንዴ ለስንፍና፣ አንዴ ለድባቴ፣ አንዴ ደግሞ ለትዳር መቀዛቀዝ ሲሰጠው ቆየ። ምክንያቱ በአንጎሉ መሃል፣ በቀኝና በግራ፣ እያንዳንዱ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ጉዳት ሆኖ ተገኘ።

ጉዳዩ የሚመዘገበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አንድን ነገር መቻልና ያንኑ ነገር ራስ ጀምሮ ማድረግ በአንጎል ውስጥ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ታካሚ ብዙ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ከተሞከሩት ነገሮች ገሚሱ የከሸፈበት መንገድ ከተሳካው ያልተናነሰ ያስተምራል። ጽሑፉ የሚወጣው በታካሚውና በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን ሊገልጡ የሚችሉ ዝርዝሮች ተቀይረዋል።

ዳራ

ታካሚው በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ የሚገኝ የሂሳብ ባለሙያ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ጎረምሳ ልጅ አባት። ከአደጋው በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ባለቤቱን፣ ታላቅ ወንድሙንና አንድ የሥራ ባልደረባውን ለየብቻ ጠይቀናል። ሦስቱም የገለጹት አንድ ሰው ነው፦ ቀድሞ የሚነሣ፣ ተከራካሪ፣ ትዕግሥቱ አጭር፣ የዘገየ ሥራ ሲያይ የሌላውንም ሥራ ነጥቆ የሚጨርስ። የቀድሞውን ጠባይ እንዲህ አጣርቶ መያዝ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ግማሽ ምርመራ ነው። ድሮም ዝምተኛና ቀዝቃዛ የነበረ ሰው ዝም ቢል ትርጉሙ ሌላ ነው።

አደጋው የደረሰው በአንድ ብርዳማ ሌሊት ነው። ብቻውን በተኛበት፣ መስኮትና በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ነበር። ጠዋት ራሱን ስቶ ተገኘ።

ከሰል በበቂ አየር ሳይነድ ሲቀር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅንን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥንካሬ ነው። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ኦክስጅን የያዘውን ሄሞግሎቢን መርዙ ከያዘው ስለማይለይ፣ ታካሚው እየታፈነም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ንጹሕ አየር ብቻ ለሚተነፍስ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው መርዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል መቶ በመቶ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃል። ታካሚው ሆስፒታል እንደደረሰ ኦክስጅን ተሰጠው፤ ነቃ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእግሩ እየሄደ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስሙን፣ ቀኑን፣ የልጁን የትምህርት ክፍል በትክክል ይናገር ስለነበር ድኗል ተባለ።

ችግሩ እንዴት ታየ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁሉም ድካም ነው አለ። ከሞት የተረፈ ሰው ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? ድካም የሚለው ምክንያት እያረጀ ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ጎልቶ ወጣ።

ጠዋት ይነቃል፤ ዓይኑን ከፍቶ ተኝቶ ይቆያል። «ተነሥ» ሲባል ይነሣል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ልብስህን ልበስ» ሲባል ይለብሳል፣ ያለ ስህተት፣ ቁልፉን ሁሉ ቆልፎ። ከዚያ እንደገና ይቀመጣል። ገላውን እንዲታጠብ ሲነገረው ይገባል፤ ውሃው እየወረደበት ይቆማል፤ «በቃህ፣ ውጣ» እስኪባል አይወጣም። መጀመር ብቻ ሳይሆን መጨረስም ከውጭ መምጣት ነበረበት። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ አላስተዋለውም፤ የእኛንም ትኩረት የሳበው ዘግይቶ ነው።

ባለቤቱን ከሁሉ ያስደነገጣት የውሃው ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከቤት ወጥታ ስትመለስ እሱ እንደተወችው ተቀምጦ አገኘችው። «ጠምቶሃል?» ስትለው «አዎ፣ በጣም» አለ። ውሃው ከፊቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥሙ አለ፤ ጥሙን ማወቁም አለ፤ ውሃው የት እንዳለም ያያል። ጥሙ ግን እጁን አያዘውም።

ራሱ የሚጀምረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም መቁጠር። የወለሉን ንጣፍ፣ የመጋረጃውን ጨርቅ መስመር በሆዱ ይቆጥራል። ለምን ሲባል «ዝም ብሎ ይመጣል» ይላል።

ቤተሰቡ የሰጠው ትርጉም ከሰው ሰው ይለያይ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ያመነው አደጋውን ሰበብ አድርጎ ማረፍ እንደለመደ ነው። ባለቤቱ ፍቅሩ ከእሷ ላይ እንደተነሣ አሰበች፤ ስለ ውሎዋ ጠይቋት አያውቅማ። ልጅቱ ዝም አለች። የመጀመሪያው ሐኪም ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት ጀመረለት። እያንዳንዱ ትርጉም በዓይን የሚታየውን ነገር ያስረዳ ስለነበር ማንንም ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም።

ምርመራው

ወደ እኛ ሲመጣ የተደረገው የመጀመሪያ ቃለ ምልልስ አጭር ነበር።

«አሁን ምን እያሰቡ ነው?»

«ምንም።»

«እኔ ከመጠየቄ በፊትስ?»

«ምንም አልነበረም።»

«እንዲህ ሲቀመጡ አይሰለችዎትም?»

«አይሰለቸኝም።»

«ያዝናሉ?»

«አላዝንም። ባለቤቴ ታዝናለች።»

ከእነዚህ መልሶች በኋላ ድባቴ የሚለው ሐሳብ መላላት ጀመረ። በድባቴ የተያዘ ሰው ውስጡ ባዶ አይደለም፤ በሐዘን፣ በጥፋተኝነት፣ በተስፋ መቁረጥ የተሞላ ነው። ሐሳቡ ሥራ አይፈታም፣ ያሠቃየዋል። ይህ ሰው ግን እንቅልፉ ደህና ነው፤ ምግብ ሲቀርብለትና «ብላ» ሲባል በደንብ ይበላል፤ ራሱን አይወቅስም፤ ሞትን አይመኝም፤ የወደፊቱን ሲጠየቅ ጨለማ አይታየውም፣ ምንም አይታየውም።

የአእምሮ ብቃት ምርመራውም በዚያው አቅጣጫ ጠቆመ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል የእንስሳት ስም እንዲጠራ ሲጠየቅ አራት ጠርቶ ዝም አለ። «የዱር እንስሳትስ? ውሃ ውስጥ የሚኖሩስ? ወፎችስ?» እየተባለ ሲጠየቅ ግን ተራ በተራ ብዙ ጠራ። ስሞቹ አልጠፉም፤ ሄዶ የሚያመጣቸው ነው የጠፋው። የተነበበለትን የቃላት ዝርዝር ራሱ እንዲያስታውስ ሲጠየቅ ጥቂት ብቻ አለ፤ ከሌሎች ቃላት ጋር ተቀላቅለው ሲቀርቡለት ግን አብዛኞቹን ለይቶ አወቃቸው። የመቶኛ ስሌት ሲሰጠው ያለ ወረቀት በትክክል ሠራ። ነርቭ ሐኪሙ ያገኘው የአካል ለውጥ ትንሽ የእንቅስቃሴ መዘግየትና የፊት ገጽታ መፍዘዝ ብቻ ነው፤ መንቀጥቀጥም ሽባነትም የለም።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ማሪን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው 18 ነጥብ ያለው የአፓቲ፣ ማለትም የተነሳሽነት ማጣት፣ መለኪያም ተመዘነ። መለኪያው ለታካሚው፣ ለቅርብ ሰውና ለባለሙያ የሚሆን የየራሱ ቅጽ አለው፤ ጥቅሙ የታየው ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው። የባለቤቱና የእኛ መልስ ተቀራረበ፤ የታካሚው መልስ ከሁለታችን ይልቅ በእጅጉ ቀለል ያለ ነበር። ችግሩ እንዳለ ሲነገረው ይስማማል፤ ራሱ ግን አያነሣውም።

ኤምአርአዩ ጉዳዩን ዘጋው፦ በሁለቱም የአንጎል ንፍቀ ክበቦች፣ ግሎበስ ፓሊደስ በሚባለው ክፍል ላይ አቻ ለአቻ የተቀመጡ ትንንሽ ቁስሎች። የአንጎሉ ቅርፊት፣ ማለትም የላይኛው ሽፋኑ፣ ደህና ነበር።

አንጎል ውስጥ የሆነው

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ኦክስጅን ሲጎድል ግን ሁሉም ክፍል እኩል አይጎዳም። በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ደጋግሞ የሚመታው ግሎበስ ፓሊደስ ነው። በብረት ንጥረ ነገር የበለጸገ፣ የደም አቅርቦቱም በቀጫጭን ሥሮች ላይ የተንጠለጠለ ክፍል ነው።

ይህ ክፍል ቤዛል ጋንግሊያ ከሚባለው፣ በአንጎል ጥልቀት ከሚገኘው የኅዋሳት ስብስብ አንዱ ነው። ለብዙ ዘመን ቤዛል ጋንግሊያ ሲነሣ የሚታሰበው እንቅስቃሴ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የፓርኪንሰን በሽታ የሚያውከው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጋሬት አሌክሳንደር፣ ማህሎን ዴሎንግና ፒተር ስትሪክ ያቀረቡት ሥዕል ይህን አሰፋው፦ ከፊተኛው የአንጎል ቅርፊት ተነሥተው በስትራያተም (የቤዛል ጋንግሊያ መግቢያ ክፍል)፣ በግሎበስ ፓሊደስና በታላመስ (መልእክትን ወደ ቅርፊቱ የሚያስተላልፍ ክፍል) በኩል ዞረው ወደ ተነሡበት የሚመለሱ አምስት ትይዩ ዑደቶች። ሁለቱ የአካልና የዓይን እንቅስቃሴን ይመለከታሉ። የቀሩት ሦስቱ ጠባይን ይመለከታሉ።

ሦስቱ ሲጎዱ የሚታየው ነገር በጣም ይለያያል። ከዓይን ጉድጓድ በላይ ካለው የፊት ክፍል የሚነሣው ሲታወክ ሰው ራሱን መግታት ያቅተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1848 የብረት ዘንግ የፊት አንጎሉን በስቶት የተረፈው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ፊኒያስ ጌጅ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በዚህ ዓይነት ለውጥ ነው። ከጎን ካለው የፊት ክፍል የሚነሣው ሲታወክ ዕቅድ ይበታተናል፤ ሰውየው ይጀምራል እንጂ ቅደም ተከተሉ ይጠፋበታል። ከመሃለኛው፣ አንቲሪየር ሲንጉሌት ከሚባለው ቦታ የሚነሣው ሲታወክ ግን የሚጠፋው መነሻው ነው። ጉዳቱ ከበረታ ታካሚው ዓይኑ እየተከተለ የማይናገር፣ የማይንቀሳቀስ ይሆናል።

የዚህ ታካሚ ሲንጉሌት አልተነካም። የተነካው ዑደቱ የሚያልፍበት ማነቆ ነው። ከሰፊው የአንጎል ቅርፊት የሚመጣው መልእክት ስትራያተም ላይ ይሰበሰባል፣ ግሎበስ ፓሊደስ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚደርስ ትንሽ ቁስል በቅርፊቱ ላይ ሰፊ ጉዳት ከሚያመጣው ጋር የሚመሳሰል ለውጥ ያመጣል፤ በሁለቱም በኩል ከሆነ ደግሞ የሚያካክስ ወገን አይቀርም። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዶሚኒክ ላፕላን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ገልጾ ነበር። ብዙዎቹ በካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም በኦክስጅን እጥረት የተጎዱ ናቸው። «አእምሮዬ ባዶ ነው» የሚለው መልስና ያለ ዓላማ መቁጠሩ በእነሱም ላይ ታይቷል። የእኛ ታካሚ ንጣፍ መቁጠር ለእኛ እንግዳ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ መጻሕፍት ላይ የሚሣለው ቀላል ሥዕል አያልፈውም። ግሎበስ ፓሊደስ ታላመስን የሚገታ ክፍል ነው። ገቺው ከፈረሰ እንቅስቃሴ ሊበዛ አይገባም ነበር? እንዲያውም ለፓርኪንሰን ታካሚዎች እዚያው ክፍል ላይ ሆን ተብሎ ትንሽ ቁስል የሚፈጠርበት ቀዶ ሕክምና አለ፤ እንቅስቃሴያቸውም ይሻሻላል። ልዩነቱ የቦታ ነው፦ ቀዶ ሕክምናው የሚያነጣጥረው ለእንቅስቃሴ የተመደበውን የኋላና የታች ክፍል ሲሆን፣ ተነሳሽነትን የሚመለከተው መንገድ የሚያልፈው በሌላው ወገን ነው። በሚሊሜትር የሚለካ ርቀት አንዱን ሰው ይፈታል፣ ሌላውን ያስራል። ሁሉንም ነገር በ«ገቺ» እና «አስነሺ» ከፍሎ የሚያስረዳ ሥዕል ለተማሪ ይጠቅማል፤ ለታካሚ ቤተሰብ ግን ባልነግረው እመርጣለሁ።

ከውጭ ሲታዘዝ የሚሠራውስ ለምንድን ነው? ከራስ የሚመነጭና ከውጭ የሚቀሰቀስ ድርጊት በአንጎል ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ በከፊል ስለሚለያይ ነው። የመጀመሪያው በመሃለኛው የፊት ክፍልና በቤዛል ጋንግሊያ ላይ ይበልጥ ይደገፋል። ሁለተኛው በጎን ባለው የእንቅስቃሴ ማቀጃ ቅርፊትና ሴሬቤለም በሚባለው የኋለኛው ትንሹ አንጎል ላይ ይበልጥ ይደገፋል። መሬት ላይ እግሩ ተጣብቆ የቀረ የፓርኪንሰን ታካሚ ወለሉ ላይ መስመር ሲሰመርለት የሚራመደው በዚሁ ምክንያት ነው። የታካሚያችን ሁለተኛው መንገድ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነበር። ሕክምናውም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ምን ተደረገ

*መድኃኒት።* ድባቴ ተብሎ የተጀመረለት የሴሮቶኒን መድኃኒት ምንም አልቀየረም፤ ባለቤቱ እንዲያውም ይበልጥ ቀዝቅዟል ትል ነበር። ይህ የመድኃኒት ወገን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ራሱ የስሜት መደብዘዝና ግድ ማጣት ስለሚያመጣ አስተያየቷ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። የአእምሮ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀንሶ አቆመው። ከዚያ ነርቭ ሐኪሙ ለፓርኪንሰን የሚሰጥ፣ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ሥራ የሚተካ መድኃኒት ሞከረ። ንግግሩ ትንሽ ጨመረ፤ አልፎ አልፎ ሳይጠየቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር ጀመር። ከተቀመጠበት ሲነሣ የደም ግፊቱ እየወረደ ስላዞረው ግን መጠኑ ዝቅ ተደረገ። በዝቅተኛው መጠን ላይ ጥቅሙ አለ ወይስ የለም በሚለው ቡድናችን እስከ አሁን አልተስማማም። የዚህ መድኃኒት ወገን አንዳንዱን ሰው ለቁማርና ለገደብ የለሽ ግዢ ስለሚገፋ፣ ባለቤቱ ያንን እንድትከታተል ተነግሯታል፤ አልታየም።

*ተግሣጽና ሽልማት።* እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ወንድሙ ሁለቱንም ሞክሯል። ተቆጣው፤ ታካሚው ሰማ፣ «ልክ ነህ» አለ፣ ተቀመጠ። በየቀኑ ከወጣ የሚወደውን ነገር እንደሚያደርግለት ቃል ገባለት፤ «ጥሩ» አለ፣ ተቀመጠ። ወንድሙ ይህን እንደ ንቀት ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2008 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በዚሁ የአንጎል ክፍል የተጎዱ ሰዎችን በእጅ መጨበጫ የጉልበት መለኪያ ፈትነው ነበር። ታካሚዎቹ አጥብቀው እንዲጨብጡ ሲነገራቸው ያጠብቃሉ፤ ለበለጠ ጉልበት የበለጠ ገንዘብ ሲቀርብላቸው ግን ጉልበታቸው ከገንዘቡ ጋር አይጨምርም። ሆኖም የቆዳቸው ምላሽ ለገንዘቡ መጠን ይለያይ ነበር፤ ማለትም ዋጋው ይሰማቸዋል። ዋጋው ወደ ጉልበት የሚሻገርበት ድልድይ ነው የተሰበረው። ይህን ለወንድሙ ስንነግረው ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ተገፍቶ የሚነሣ መኪና ሆነ ማለት ነው» አለ። ምሳሌው እስከ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። መኪና አንዴ ከተነሣ ይሄዳል፤ እሱ ግን በየእርምጃው ይቆማል።

*የተጻፈ ዝርዝር።* የቀኑ ሥራ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አልሠራም። ዝርዝርን ለመጠቀም መጀመሪያ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ዞሮ ማየት ደግሞ ራሱ የሚጀመር ድርጊት ነው። ለማስታወስ ችግር የተዘጋጁ ብዙ መሣሪያዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ሰውየው እስኪመጣባቸው ይጠብቃሉና። የሚያስፈልገው ወደ ሰውየው የሚመጣ ነገር ነው።

*የስልክ ማንቂያ።* የመጀመሪያው ተራ ደወል ነበር። ይጮሃል፤ ታካሚው ያጠፋዋል፤ ይቀመጣል። ደወሉ ያዘዘው ማጥፋትን ብቻ ነው፤ እሱም ታዘዘ። ከዚያ ደወሉ በተቀዳ የልጁ ድምፅ ተተካ፦ «አባዬ ተነሥና ጫማህን አድርግ።» ጫማውን አደረገ። ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ነው፣ ሁለት ነገሮች ከተጠበቁ፦ አንድ ድምፅ አንድ ድርጊት ብቻ ይዘዝ፤ የድርጊቱም ማብቂያ ይነገር። «ታጠብ» ከሚለው በኋላ «ውሃውን ዝጋና ውጣ» የሚል ሁለተኛ ድምፅ ተጨመረ። ከሳምንታት በኋላ ድምፁን እየለመደው ምላሹ ቀዘቀዘ። ቃላቱንና ተናጋሪውን መቀያየር መለሰው፤ ወንድሙ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ባለቤቱ ሁሉም ቀዱለት። ከሁሉ የበረታው ግን መልስ የሚጠይቅ የስልክ ጥሪ ነው። «አሁን የት ነህ? ቆመሃል? በሩ ጋ ስትደርስ ንገረኝ» ሲባል በሩ ጋ ይደርሳል።

*ጥያቄን መቀየር።* «ምን ትፈልጋለህ?» ለሚለው መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። «ሻይ ወይስ ወተት?» ሲባል ይመርጣል፣ ምርጫውም ከቀን ቀን ወጥ ነው። ቤተሰቡ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወሰደበት፤ ሰፊ ጥያቄ መጠየቅ አክብሮት ስለሚመስል። ለዚህ ሰው ግን አክብሮቱ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ ፍላጎቱን ማውጣት የሚቻለው በእሱ ብቻ ነው።

*ሥራ።* አሠሪው ግማሽ ቀን እንዲገባ ፈቀደ። ባልደረባው አጠገቡ ተቀምጦ አንድ አንድ ሰነድ ያቀብለዋል። ስህተቱ ከአደጋው በፊት ከነበረው አልበዛም። ክምሩ ሲያልቅ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ሰነዱ ላይ ግልጽ ጉድለት እያየም ካልተጠየቀ አይናገርም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ «ያልተስተካከለ ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ እንዲካተት ተደረገ፤ ያኔ ይናገራል። ቁጥጥርን የሚጠይቀው የድሮ ኃላፊነቱ ግን አልተመለሰም፣ ይመለሳል ብለንም አልገመትንም።

ቤተሰቡ

የኤምአርአዩን ምስል ለቤተሰቡ አንድ ላይ አሳየናቸው። ባለቤቱ ሁለቱን ነጠብጣቦች ረጅም ጊዜ ካየች በኋላ የጠየቀችው ጥያቄ «ይወደናል ወይ?» የሚል ነበር። እሱን ራሱን እንድትጠይቀው ነገርናት። ጠየቀችው፤ «አዎ» አለ፤ ስለ ልጁም ዝርዝር ነገር ተናገረ፣ የምትፈራውን የትምህርት ዓይነት ሳይቀር። ሲያዳምጥ የቆየው ሁሉ ውስጡ ነበር። መልሱ ግን እፎይታ ብቻ አላመጣም። ባለቤቱ በኋላ የነገረችን ተጠይቆ የሚነገር ፍቅር እንደሚደክማት ነው። ይህን የሚመልስ ሙያዊ ቃል የለኝም፤ በየጊዜው የምትነጋገርበት የራሷ ሰዓት እንዲኖራት አደረግን።

የእሷ ድካም ከሕክምናው ዕቅድ ውጭ የሚቀር ጉዳይ አልነበረም። ለወራት የባሏ የፊት አንጎል ሆና ኖራለች፤ ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የምታስጀምረው እሷ ነች። ትእዛዙ ለተቀዱ ድምፆች፣ ለወንድሙና ለባልደረባው ሲከፋፈል የታካሚው እንቅስቃሴ ያን ያህል አልጨመረም፤ የእሷ ቁጣ ግን ቀነሰ። ይህን ብቻ እንኳ እንደ ውጤት ቆጥረነዋል።

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ የሚሻገረው

ተመሳሳይ ለውጥ የሚመጣው በከሰል ጭስ ብቻ አይደለም። ልብ ቆሞ ከተመለሰ በኋላ፣ በታላመስ ወይም ኮዴት በሚባለው የስትራያተም ክፍል ላይ ከሚደርስ ስትሮክ በኋላ፣ በፓርኪንሰንና በአልዛይመር በሽታም ይታያል። በካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ታካሚው ድኖ ከወጣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ አዲስ የጠባይና የአእምሮ ለውጥ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ የቀጠሮ ወረቀት የሚሰጠው ለታካሚው ሳይሆን አብሮት ለሚኖር ሰው ቢሆን ይሻላል። ራሱ መጥቶ «ተቀየርኩ» አይልም።

ከድባቴ ለመለየት ከሁሉ የጠቀመን የስሜት መጠይቁ አይደለም፣ ሁለት ሁኔታዎችን ማነጻጸር ነው፦ ማንም ሳይናገረው ሲቀርና አንድ ሰው አንድ ግልጽ ነገር ሲያዝዘው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ከሆነ፣ ውስጡም ሐዘን ከሌለ፣ የአንጎል ምስል ሳይታይ መድኃኒት መደራረብ አይገባም። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም፤ አንዱን ማግኘት ሌላውን አያስቀርም።

ስለ መሣሪያ ምርጫ፦ ታካሚው ሄዶ የሚያየው ሳይሆን መጥቶ የሚያገኘው፤ ስም ያለው አንድ ድርጊት የሚያዝ፤ ማብቂያ ያለው። ወረቀት፣ ስልክ ወይም ሰው መሆኑ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ለውጡንም መለካት ያለብን ታካሚው ምን ያህል «ተሻለው» ብለን ሳይሆን በቀን ስንት ድርጊት በስንት ትእዛዝ እንደሠራ ቆጥረን ነው። የእኛ ታካሚ በራሱ የሚጀምረው ነገር ከዓመት በኋላም ጥቂት ነው። በአንድ ትእዛዝ የሚጨርሰው ሰንሰለት ግን ረዝሟል፦ ጫማ፣ በር፣ መንገድ፣ መመለስ።

በቂ ትኩረት የማይሰጠው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ሲነገረው የሚሠራ ሰው ማንም ሲነግረው ይሠራል። ታካሚያችን «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባል ይፈርማል፤ ሂሳብ ዐዋቂ ነውና የሚፈርመው ምን እንደሆነ ይገባዋል፣ ግን አይከለክልም። ማሰብ የሚችል ስለሆነ ተራ የአእምሮ ብቃት ፈተና ያልፋል፤ ስለዚህ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ ወረቀት ከፈተናው አይገኝም። በዚህ ጉዳይ የባንክ ፊርማው ከባለቤቱ ጋር የጣምራ እንዲሆን ተደረገ፤ ፈቃዱ ሲጠየቅ ምክንያቱ ተብራርቶለት፣ ሁለት አማራጭ ቀርቦለት፣ በሌላ ቀን እንደገና ተጠይቆ ያው መልስ ሲሰጥ ነው የተፈጸመው። ሙቀት የሚሰጡ መሣሪያዎችም ራሳቸውን በሚያጠፉ ተተክተዋል። ከፀሐይ ወደ ጥላ የሚያዛውር ድምፅ በስልኩ ላይ አለ፤ ውሃ እንዲጠጣ የሚነግረው ድምፅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በየተወሰነ ሰዓት ይደጋገማል፤ ባለቤቱ ሌላውን ሁሉ ብትቀያይርም እሱን አትነካውም።